ውኃው በየት ወረደ? በኮምፒውተር የሚሠራ የዱር ምድር ሥዕልና ሒሱ

እ.ኤ.አ. በ2019 ለእይታ የበቃው «ዘ ላየን ኪንግ» ሲጀምር አፍሪካ ሜዳ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ምስጢሩን አወጣው፤ ከፊልሙ ሁሉ በካሜራ የተቀረጸችው ያቺ የመጀመሪያዋ ትዕይንት ብቻ ናት፣ የቀሩት 1,490 ትዕይንቶች በሙሉ ኮምፒውተር ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዷን እውነተኛ የቀላቀላት የሚነቃ ሰው ይኖር እንደሆነ ለማየት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትችት ወዴት እንዳነጣጠረ ማየት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ብዙ ሃያሲ አንበሶቹ ሲያዝኑም ሲደሰቱም ፊታቸው አንድ ነው ብሎ አማረረ። ሣሩን፣ አቧራውን፣ የድንጋዩን ስንጥቅ ግን «ድንቅ ነው፣ እውነት ይመስላል» ብሎ አለፈው። እንስሳ ያለበት ሥዕል ዕጣው ይኸው ነው። ዓይን እንስሳው ላይ ያርፍና ምድሩ ጀርባ ይሆናል፤ ጀርባ የሆነን ነገር የሚመረምር ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በዚህ የተነሣ የዱር ምድር በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ስለ ድካሙ የሚደርሰው ወይ ሙገሳ ነው ወይ ዝምታ። ከሁለቱም የሚማረው የለም። እዚህ ላስተዋውቅ የምፈልገው ይህ ዓይነት ሥዕል እንዴት እንደሚሄስና ሒሱም እንዴት እንደሚሰማ ነው፤ ለዚያ ግን ተራራው ራሱ እንዴት እንደሚበቅል ማወቅ ይቀድማል።

የኮምፒውተር ተራራ ዕድሜው አጭር ነው። በ1980 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎረን ካርፔንተር የተባለ የቦይንግ ኩባንያ ባለሙያ ሲያትል ላይ በተካሄደው፣ ሲግራፍ በሚባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ «ቮል ሊብር» የምትባል የሁለት ደቂቃ ገደማ ፊልም አሳየ። በየትም አገር በሌሉ ተራሮች ላይ የሚደረግ በረራ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከሒሳብ ሊቁ ከቤኗ ማንደልብሮት መጽሐፍ ነው። አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይወሰዳል፤ ወደ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ የየማዕዘኑ ከፍታ በዘፈቀደ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል፤ ትናንሾቹም እንደገና ይከፈላሉ፤ እንዲህ እየተባለ ጠፍጣፋው ነገር ሸንተረርና ሸለቆ ያወጣል። ካርፔንተርን በዚያች ፊልም ምክንያት የፊልም ኩባንያው ሉካስፊልም ቀጠረው። በ1982 በወጣው ሁለተኛው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም አንዲት ሙት ፕላኔት ሕይወት ስትዘራ የሚታዩት ተራሮች የእሱ እጅ ናቸው።

እነዚያ የመጀመሪያ ተራሮች ግን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። የምድሩን ከፍታ ገልብጣችሁ ብታዩት ሸለቆው ተራራ፣ ተራራው ሸለቆ ይሆናል፤ ልዩነቱንም ማንም አይለየውም። እውነተኛ ምድር ይህን አይፈቅድም፤ ውኃ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚወርደው፣ ሲወርድም ላዩን ይሸረሽራል፣ ታቹን ይደለድላል። በ1989 ኬን መስግሬቭ ከክሬግ ኮልብና ከሮበርት ሜስ ጋር ሆኖ ለዚህ መላ አቀረበ። በኮምፒውተሩ ተራራ ላይ ዝናብ አዘነቡ። እያንዳንዱ የምድር ነጥብ ውኃ ይቀበላል፣ ውኃው ዝቅ ወዳለው ጎረቤት ይፈሳል፣ በሄደበት አፈር ይዞ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ የያዘውን ይጥላል። ከገደል የሚናደው ድንጋይም እግር ሥር እንዲከመር ተደረገ። አሁን ተራራው ሲገለበጥ ያስታውቃል።

የዚህ ሥዕል ሒስ ዋና ጥያቄ ከእነ መስግሬቭ ሥራ ጋር አንድ ይመስለኛል፤ ይህ ነገር እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ምንድን ነው? ኮምፒውተር ቅርጽን ያለ ምክንያት ይሰጣል። ወንዙ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ወንዝ ያስቀምጣል፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ሳይጠይቅ ዛፍ ያጎብጣል። የሃያሲው ሥራ የጎደለውን ምክንያት ማግኘት ነው። «እውነት ይመስላል» የሚለው አስተያየት ከሁሉ ደካማው የሆነብኝም ለዚህ ነው፤ ማንን፣ የትኛውን ቦታ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመስል አይናገርማ።

መሣሪያው ዛሬ በማንም እጅ ነው። ከሆላንድ የመጣው የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ብሌንደር በ2002 ሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ ከሕዝብ ተሰብስቦለት ኮዱ ለዓለም ክፍት ሆነ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የእንግሊዙ ቴራጀን ደግሞ ለመልክዓ ምድር ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። መሬቱም በነጻ ይገኛል። በፌብሩዋሪ 2000 የናሳዋ ኢንደቨር መንኮራኩር 11 ቀን ስትዞር ቆይታ ከዓለም የብስ አብዛኛውን ከፍታ በራዳር ለክታለች። መረጃው በየ30 ሜትር ገደማ አንድ የከፍታ ቁጥር ይይዛል፤ ራስ ዳሸንም ቧሂትም እዚያ ውስጥ አሉ።

እንበልና አንድ ወጣት አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን መረጃ አውርዶ የሰሜን ተራሮችን ሠራ። ገደሉን አቆመ፣ ሣር ዘራ፣ ጅብራ ተከለ፣ አፋፉ ላይ የጭላዳ መንጋ አሰማራ፣ የማለዳ ብርሃን ለቀቀበት። ለጓደኞቹ ሲያሳያቸው «ወንድሜ፣ እሳት ነህ!» አሉት፤ «በርታ» አሉት። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥበቃ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት ግን ምስሉን አተኩረው አዩና፣

«ልጄ፣ እነዚህ ጭላዳዎች ሌሊቱን የት አደሩ?» አሉት።

«አልገባኝም ጋሼ።»

«ማለዳ ነው ብለሃል። ጭላዳ የሚያድረው ከገደሉ ወገብ ነው፣ ነብርም ጅብም በማይደርስበት ጠባብ እርከን ላይ። ፀሐይ ስትወጣ ነው ወደ ሜዳው የሚወጣው። ያንተ ገደል መቆሚያ የለውም።»

አዛውንቱ ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቁም፤ የነኩት ግን የመረጃውን ሕመም ነው። የከፍታ ካርታ ለአንድ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሜዳ ላይ ይህ በቂ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ላይ ግን ሁለት ጎረቤት ነጥቦች አንዱ አናት ሌላው ግርጌ ላይ ያርፉና መሀላቸው ያለው ሁሉ ተለጥጦ ልሙጥ ይሆናል። እርከን የለም፣ ዋሻ የለም፣ ወደ ውጭ የወጣ ድንጋይ የለም። ሠሪው ገደሉን ለብቻው በእጁ መቅረጽ አለበት። «የድንጋዩ ቴክስቸር ደክሟል» የሚል ባለሙያ ምናልባት ሥዕሉን ሌላ የድንጋይ ፎቶ ያለብሰው ነበር፤ የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ሥሩ ድረስ ወረደ።

የአገሩን ሰው ለሒስ መጥራት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ደጋውን የሚያውቅ ሰው ጅብራው ከአስታው ደን በላይ ያለውን ውርጫማ ምድር እንደሚወድ ያውቃል፤ ሥዕሉ ላይ ሁለቱ እኩል ተሰባጥረው ከታች እስከ ላይ ከቆሙ ከፍታው ጠፍቷል ማለት ነው። ጅብራ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ እንደሚሞትም ያውቃል። ሃምሳ ጅብራ በአንድ ቁመት፣ ሁሉም አበባውን አቁሞ ከታየ ሠሪው አንዱን ሞዴል ሃምሳ ጊዜ ገልብጦታል፤ አንዱ ጨቅላ፣ አንዱ ያበበ፣ አንዱ ደርቆ የቆመ መሆን ነበረበት። ብርሃኑም እንዲሁ ነው። የሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቁ ቀትር ላይ ጥላ አጭር ነው፤ ቀትር ተብሎ ረጅም ጥላ ከተጣለ ፀሐዩ የአውሮፓ ነው። አየሩም 4,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ አጥቦት ባደረ ጥርት ያለ ማለዳ የሩቁ ተራራ በቆላ እንደሚታየው ቶሎ አይደበዝዝም። ብዙ ሠሪዎች ርቀትን ለማሳየት ሰማያዊ ጭጋግ ያበዛሉ፤ ያ ጭጋግ ተራራውን ዝቅ ያደርገዋል።

የእነዚህ ስሕተቶች ምንጭ ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም። ሠሪው ድንጋይና ተክል የሚያገኘው ከተዘጋጀ ክምችት ነው። ከታወቁት አንዱ የሆነው፣ ስዊድን የተመሠረተውና በ2019 ኤፒክ ጌምስ የገዛው ኩዊክስል፣ ባለሙያዎቹን አይስላንድ ድረስ ልኮ ድንጋይና የድንጋይ ሽበት በካሜራ ሲለቅም ኖሯል። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ግን የአይስላንድ ነው። ጅብራ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሠራል፣ ያለዚያም ሌላ አገር የበቀለ ነገር ይተክላል። የ«ላየን ኪንግ» ሠሪዎች ሥራቸውን ሳይጀምሩ ኬንያ ሄደው ምድሩንና ብርሃኑን ያጠኑት ወደው አልነበረም።

ይህ እንግዲህ ምን እንደሚሄስ ነው። መቼ የሚለው ብዙም አያከራክርም፦ ቀደም ብሎ። አንድን ምስል በሙሉ ጥራት ማውጣት፣ ሠሪዎቹ ሬንደር የሚሉት፣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሣሩ ሁሉ ከበቀለ በኋላ «ተራራው ወደ ግራ ቢሄድ» ማለት ለሠሪው ልብ ሰባሪ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ መጀመሪያ ቀለም የሌለውን ግራጫ ቅጂ ያሳያል። ግራጫው ላይ ያልቆመ ገደል ቀለም ሲቀቡት አይቆምም። ምስሉን ጥፍር እስኪያህል አሳንሶ ማየት፣ ግራና ቀኙን ማገላበጥ፣ ቀለሙን ማውጣት፤ እነዚህ ሁሉ የለመደ ዓይንን የሚያስደነግጡ ዘዴዎች ናቸው፣ ወጪም የላቸውም።

እንዴት የሚለው ግን ሰፊ ነው። የፊልም ሰዎች ዴይሊስ የሚሉት ልማድ አላቸው። በሴሉሎይድ ዘመን ትናንት የተቀረጸው ፊልም ታጥቦ ዳይሬክተሩና ባለሙያዎቹ በማግሥቱ ተሰብስበው ያዩት ነበር። የኮምፒውተር ስቱዲዮዎች ስሙንም ልማዱንም ወረሱ። ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤድ ካትመል በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው እዚያ አኒሜተሮች ያላለቀ ሥራቸውን በባልደረቦቻቸው ፊት በየዕለቱ ያሳያሉ፤ ሰው ያላለቀ ነገር በማሳየት ማፈርን እያደር ይተዋል። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ይህን ለማየት አይቸገርም። ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማል፣ ጓደኞቹም የራሳቸው ባይሆንም ከእርማቱ ይማራሉ። ልዩነቱ ሥልጣኑ ላይ ነው፤ የቅኔው መምህር ቃል የመጨረሻ ነው፣ ፒክሳር ውስጥ ብሬይንትረስት የሚባለው የዳይሬክተሮችና የጸሐፊዎች ጉባኤ ግን ማዘዝ አይችልም። ጉድለቱን ይናገራል፣ ዳይሬክተሩ ምክሩን ይወስዳል ወይም ይተዋል። እኔ በዚህ በኩል ከፒክሳር ጋር ነኝ፤ የማዘዝ ሥልጣን የሌለው ሰው አስተያየቱን በምክንያት ብቻ ነው ሊያስውጥ የሚችለው።

እኛ ዘንድ ሌላም ችግር አለ። ከደርጉ ሒስና ግለ ሒስ እስከ ኢሕአዴጉ ግምገማ፣ ሰው ፊት ቀርቦ መነቀፍ እንጀራን፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገርን ያሳጣ ነበር። የዚያ ስብሰባ ትዝታ ያለበት ሰው ሥራውን አሳይቶ «ሒሱኝ» ለማለት ቢያመነታ አይፈረድበትም። ተቺውም በይሉኝታ ተይዞ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ይሄዳል፤ ወይም ይሉኝታው ያለቀ ዕለት ሁሉንም አንዴ ያፈሰዋል። አሜሪካዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሊዝ ለርማን በ1990 የጀመረችው የሒስ ሥርዓት ለዚህ ዓይነቱ ቤት የሚስማማ ይመስለኛል። አራት እርምጃ አለው። ተመልካቾች መጀመሪያ ሥራው ውስጥ ምን እንደነካቸው ይናገራሉ፤ ቀጥሎ ሠሪው የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከዚያ እነሱ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ተፈቅዶ ነው። «ስለ ሰማዩ የምለው አለኝ፣ ልበል?» ይባላል፤ ሠሪው «ይበሉ» ወይም «ለዛሬ ሰማዩ ይቆየን» ይላል። የአዛውንቱ «የት አደሩ?» ከሦስተኛው እርምጃ የሚመደብ ነው። ፍርድ አላስቀደሙም፤ ጠየቁ።

ሒስ ተቀባዩ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መስማት አለበት፤ ተመልካቹ ያየውንና ተመልካቹ ያዘዘውን መድኃኒት። ያየው ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው፣ ዓይኑ ያየውን አይቷልና። መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ገደል ላይ የቆመች ዋልያ ያለችበትን ምስል እንውሰድ። ሦስት ሰው በተከታታይ «ዋልያዋን አጉላት፣ አትታይም» አለ። ሠሪው ቢያጎላት ገደሉ ያንሳል፤ ትልቅነቱን የሚነግረን የእሷ ትንሽነት ነበር። ችግሩ መጠን ሳይሆን ቡናማ እንስሳ ቡናማ ድንጋይ ላይ መቆሟ ነው። ከኋላዋ ከሸለቆው የሚወጣ ትንሽ ጉም ቢገባ፣ ወይም አንድ እርምጃ ወደ አፋፉ ብትጠጋና ቀንዷ ሰማይ ላይ ቢያርፍ፣ እዚያው መጠኗ ላይ ሆና ትታያለች። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ ቦታው እንቅፋት አለው፤ እንቅፋቱን ማንሻው ግን የሠሪው ዕውቀት ነው። (ቀንዷ ስል የሴቷንም ማለቴ ነው፤ ሴቷ ዋልያም ቀንድ አላት፣ ከወንዱ ግን በጣም አጭርና ቀጭን። የወንዱን ቀንድ ለሴቷ የሚሰጥ ሥዕል ሌላ ሒስ ይጠብቀዋል።)

ሲሰሙ ዝም ማለትም ከባድ ነው። «ጉሙን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው» የሚል ማብራሪያ ምላስ ጫፍ ላይ ይመጣል። ሠሪው ግን ሥዕሉ በሄደበት ሁሉ ተከትሎ ሊያብራራ አይችልም፤ ጉሙ ሆን ተብሎ መሆኑን ሥዕሉ ራሱ ካልተናገረ ማብራሪያው ትርፉ ተቺውን ማሸማቀቅ ነው። መጻፍ ይሻላል። አምስት ሰው ካየው በኋላ ወረቀቱ ላይ የተደጋገመው ይታያል፣ አንዴ ብቻ የተባለው ደግሞ ይመዘናል። አንዴ ብቻ የተባለ ሁሉ ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእርከኑን ነገር ያነሡት አዛውንቱ ብቻ ናቸው።

ከ2022 ወዲህ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን የመሰሉ፣ በጽሑፍ ሲታዘዙ ምስል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሲመጡ የሒሱ መሬት ተንቀጠቀጠ። እዚያ ከምስሉ ጀርባ የቆመ ተራራ የለም፤ ከስንትና ስንት ፎቶ የተማረ ስሌት የደረደረው ፒክስል ነው። ብሌንደር ላይ «ፀሐዩን ዝቅ አድርጋት» ቢባል ፀሐይ ብቻ ትወርዳለች፤ እዚህ ግን አዲስ ምስል ሲጠየቅ ከፀሐዩ ጋር ጭላዳውም ገደሉም ሊለወጥ ይችላል። አቀበት የሚወጣ ወንዝ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ጠፍቶ ተራ ዝንጀሮ የሆነ ጭላዳ ቢመጣም አያስገርምም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሒስ የሚጀምረው ከሠሪው ነው፤ በምን እንደሠራው አስቀድሞ መናገር አለበት። ካልተናገረ ተቺው፣ ሠሪው ያልወሰነውን ነገር ሲሄስ ይውላል። ምስሉ የፎቶ ስም ተሰጥቶት ከወጣ ደግሞ ጉዳዩ ከሥነ ጥበብ ወጥቶ ወደ ማታለል ይገባል። ዋልያ ከሰሜን በቀር በዱር የትም አይገኝም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በምስል ብቻ ነውና የተሳሳተ ምስል እንስሳውን ይተካዋል።

ከሒሶች ሁሉ አስቸጋሪው ግን ከቴክኒክ ጋር የማይገናኘው ነው። የዱር ምድር ሥዕል ሠሪዎች፣ ባለ ብሩሹም ባለ ኮምፒውተሩም፣ ሰውን ከምድሩ ማጽዳት ይወዳሉ። መንገድ የለም፣ ማሳ የለም፣ የከብት ዱካ የለም። ሰሜን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፓርኩ በ1969 ሲቋቋም ውስጡ የሚያርሱና የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፣ ከምክንያቶቹም የዋልያው ቁጥር መመናመንና የሰፈራው መስፋፋት ይገኙበታል። በ2016 ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፣ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ።

እንግዲህ የግጭን ሜዳ ሠርቶ ያቀረበ ሰው «ይህ የትኛው ዓመት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2016 በፊት ከሆነ ጎጆው፣ የገብሱ ማሳና በግጦሽ የተላጨው ሣር የት ሄዱ? ከዚያ ወዲህ ከሆነ ሣሩ በምን ያህል አገግሟል፣ የከብት መንገዱስ ጠፍቷል ወይስ ገና ይታያል? ሠሪው ሰው አልባውን ምድር ሊመርጥ መብቱ ነው፤ ያኔ ግን የሣሩ ቁመት፣ የዱካው ጥልቀትና የመንጋው ብዛት ሁሉ ከመረጠው ዓመት ጋር መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ቀጣዩ ሒስም የሚጀምረው ከዚያ ነው።